እግራቸው የከዳቸውን ጫጩቶች ስለ ተንከባከቡልን ለሕንፃችን ሊቀመንበር የቀረበ ምስጋና

ለጋራ መኖሪያ ሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ክቡር ሊቀመንበር፤
አራተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎና ለቁርጭምጭሚትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ፣ ማለትም ጠዋት ወደ ሥራ ሲወርዱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከራስዎ ማስታወቂያዎች መካከል ተለጥፎ ሲያገኙት፣ በሁለት እግርዎ ጸንተው እንደሚቆሙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ በሁለት እግር መቆም ለሁሉም የተሰጠ ጸጋ አለመሆኑን ከዚህ በታች እገልጻለሁና።

እኔ ምድር ቤት ከኋላ በኩል የምኖረው፣ በር ላይ ስንገናኝ «እንዴት ነህ ማመልከቻ!» እያሉ የሚጠሩኝ ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ስለኖርሁ ቅጽል ስሙ አያስከፋኝም። የሌላውን በደል በሌላው ስም ስጽፍ ኖሬ በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ፊደሉ ተንቀጥቅጦ ቢያገኙት ከእርጅና ሳይሆን ከደስታ መሆኑን ይረዱልኝ።

ባለፈው ሳምንት «በግቢያችን የነበረው የዶሮ ችግር በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት ከሥሩ ተወግዷል» የሚል ማስታወቂያ አውጥተው፣ ከዚያው ሥር ደግሞ የኮሚቴው ምርጫ ስለሚካሄድ ነዋሪው ግቢ ውስጥ እንዲሰበሰብ ጥሪ አድርገዋል። ያን ጥረት በቅርብ ካዩት ሰዎች አንዱ እኔ ሆኜ ሳለ፣ ውለታዎ ሳይነገር ወደ ምርጫ መግባት ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማረፊያው አመሰግናለሁ።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ፣ ጎረቤት ሁሉ እቴቴ የሚላት፣ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ጡረታ ወጥታ፣ የመጨረሻ ልጃችንም ተድራ ከሄደች በኋላ ቤታችን ዝም አለ። ለመቶዎች ታበስል የነበረች ሴት ለእኔ ለአንዱ ስታበስል ድስቱ ይሰፋባት ጀመር። ይህን ያየች ታናሽ እህቷ አንድ ቀን ስድስት ጫጩት በካርቶን ይዛ መጣች፤ «እህትዓለም፣ የሚጮህ ነገር አምጥቼልሻለሁ» ብላ። እውነትም ቤታችን ገበያ መሰለ። ጠዋት ፀሐይዋ ግቢው መካከል ካለው ሣር ጠርዝ ላይ ስታርፍ እቴቴ ካርቶኑን ታወጣለች፤ ጫጩቶቹ ይበተናሉ፤ እሷም በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስለ ልጃችን፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ እኔም ጭምር ታወራላቸዋለች።

ክቡርነትዎ ይህን ትርምስ በአንድ ውሳኔ ገቱት። «እማማ፣ እኔ በግሌ ዶሮ እወዳለሁ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ግቢው ገጽታ አለው» አሏት በትሕትና፤ በዚያው ትሕትና ከደረጃው ሥር ያለችውን፣ መጥረጊያና የተሰበረ የውሃ ቱቦ የሚጣልባትን ዕቃ ቤት ፈቀዱልን። ዕቃ ቤቷ መስኮት የላትም። የፀሐይ ብርሃን ቀርቶ የፀሐይ ወሬ አይደርስባትም። ወለሏ የተወለወለ ሴራሚክ ስለሆነ ጫጩት ሲቆምበት እግሮቹ ሳሙና እንደረገጡ ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳሉ። ለጫጩት ይህን ያህል ጥላ የሰጠ አስተዳደር ከዚህ በፊት ስለመኖሩ አልሰማሁም። ጭልፊት አያያቸውም፣ እንግዳ አያያቸውም፣ እነሱም ምንም አያዩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ።

«የዶሮ ጩኸት እንዳይሰማ» የሚል የጸጥታ መመሪያ ሲያወጡ በምን መንገድ እንደሚፈጸም አልገባንም ነበር፤ ቆይቶ ገባን። ከጫጩቶቹ መካከል እህል ሲረጭ ከሁሉ ቀድማ ስለምትደርስ እቴቴ ጥድፊት ብላ የሰየመቻት አንዲት ገብስማ ነበረች። አንድ ጠዋት ጥድፊት ወደኋላ ቀረች። በማግስቱ እየወላገደች መጣች። ከዚያም ጨርሶ አልመጣችም፤ ቋንጃዋ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ክንፎቿን እንደ ክራንች ወለሉ ላይ እየተከለች ለመነሣት ስትታገል አገኘናት። ዓይኗ ንጹሕ ነው፤ የምግብ ፍላጎቷ አልተዘጋም፤ ልቧም እንደ ድሮው ይጣደፋል፤ እግሯ ብቻ አልታዘዝ አላት። ብዙ ሳይቆይ ሌሎቹም ተራ በተራ ተቀመጡ። ሲያነሷቸው እግራቸው እንደ ራሰ ገመድ ይንጠለጠላል። ጫጩት የሚጮኸው ሲሮጥ ነው መሰለኝ፣ እግራቸው ሲያዝ አፋቸውም ተያዘ፤ መመሪያዎም በዚሁ ተፈጸመ።

እቴቴ በዚያ ጨለማ ውስጥ ተንበርክካ የራሰ ዳቦ በጣቷ ወደ እያንዳንዳቸው ምንቃር ታቀርብ ጀመር። እኔም በበኩሌ የማውቀውን ሁሉ፣ ማለትም ምንም፣ አደረግሁ፤ እግራቸውን በሞቀ ውሃ አሸሁ፣ በክር አሰርሁ፣ መልሼ ፈታሁ። ወደ ማድ ቤታችን አስገብተን ከተዘጋው የመስታወት መስኮት ሥር ብናኖራቸውም ለውጥ አላየንም። ጥቁሯ ጫጩት አንድ ጠዋት ቀዝቅዛ ተገኘች። እቴቴ በሳህን ማድረቂያ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ተቀመጠች። ቀና ስትል ዓይኗን አየሁት። «ሽንኩርት ነው» አለችኝ። በቤቱ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም፤ እኔም ሽንኩርት መሆኑን አመንሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ።

ለደረጃው አምፖል ወራት የፈጀው ኮሚቴ፣ የጥቁሯ ሞት እንደተሰማ በአንድ ስብሰባ «ተላላፊ ወረርሽኝ» መግባቱን ወሰነ፤ የቀሩት አምስቱም እስከ እሑድ እንዲወገዱ ትእዛዝ ወጣ። «ይወገዱ» የሚለውን ቃል ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። «ይገደሉ» ቢሉ ኖሮ እቴቴ ወዲያው ይገባት ነበር፤ በእርስዎ አጻጻፍ ግን ትርጉሙን እኔ እስክነግራት ድረስ አንድ ሙሉ ጠዋት በሰላም አሳልፋለች። ከነገርኋት በኋላ ምሳ አልሠራችም። ከተጋባን ወዲህ ምሳ ያልሠራችበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ጭንቀት ሲጠናብን ከእንስሳት ክሊኒክ ዶክተር ጠራን። ወጣት ናት፤ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ እሷም አብራ መሬት ተቀመጠች። ጥድፊትን ገልብጣ እግሯን ዘረጋች፣ ዓይኗን አየች፣ ከዚያም የእቴቴን ጣት ይዛ የጫጩቷን ምንቃር አስነካቻት።

«ይንኩት እማዬ፤ እንደ ጎማ ይታጠፋል አይደል? አጥንቷም እንደዚሁ ለስልሷል። አንድ እግራቸውን ወደፊት ሌላውን ወደኋላ ዘርግቶ የሚጥላቸው ተላላፊ በሽታ አለ፤ እሱ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት የለኝም ነበር። ይሄ ግን እሱ አይደለም። እነዚህ ፀሐይ አጥተው ነው።»

«በመስኮቱ እኮ ፀሐይ ያገኛሉ» አልሁ፣ የቤቴን ክብር ለመጠበቅ።

«በመስታወት የሚገባው ሙቀቱ ነው አባቴ፤ አጥንት የሚያጠነክረው ውጭ ይቀራል። ሜዳ ላይ ያውጧቸው። ዳቦውን ትተው የጫጩት መኖ ይስጧቸው፤ ይሄን ቫይታሚን ውሃቸው ላይ ጠብ ያድርጉ፤ የሚያንሸራትት ወለል ላይ አያኑሯቸው። ይነሣሉ። ሁሉም ይነሣሉ ብዬ ግን አልምልም።»

ቃሏን ይዤ ወደ እርስዎ ስመጣ በትዕግሥት አዳመጡኝና «ዶክተሯ የሕንፃው ነዋሪ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። አለመሆኗን ስገልጽ በሐዘኔታ ራስዎን ነቀነቁ። እንግዲያውስ ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ጊዜ በሣሩ ጠርዝ ፀሐይ ይሙቁ ብዬ ብለምን «አጀንዳ ይያዝለታል» አሉኝ። ቃልዎን አላጠፉም፤ አጀንዳው ተያዘ። ስብሰባው ግን ምልአተ ጉባኤ አጣ፤ እርስዎ ሌላ ስብሰባ ላይ ነበሩና። ምልአተ ጉባኤ ሳትጠብቅ የምትወጣና የምትገባው ፀሐይ ብቻ ነበረች።

እሑድ ሲቃረብ እቴቴ እኔንም ሳታማክር ካርቶኗን አቅፋ ግቢ ወጣች። ዘበኛችን፣ ሣር የረገጠ ሁሉ ላይ ስለሚነፋ ፊሽካው የሚባለው፣ በመመሪያዎ መሠረት ነፋባት። እሷ ከሣሩ ወደ መኪና ማቆሚያዎ፣ ከማቆሚያው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ፀሐይዋን እየተከተለች ስትዞር፣ እሱም እያፈረ፣ ለፊሽካው ግማሽ ትንፋሽ ብቻ እየሰጠ ይከተላታል። ይህ ትርኢት ለግቢው ገጽታ ምን ያህል እንደጠቀመ መመዘኑን ለእርስዎ እተዋለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ደረጃው መደገፊያ ብረት፣ ይልቁንም ስላለመኖሩ፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ፎቅ በሚወርደው ደረጃ ላይ የነበረው መደገፊያ ተነቅሎ ከወደቀ ቆየ። ኮሚቴዎ ዝም አላለም፤ በቦታው «ሲወርዱ ይጠንቀቁ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። በወረቀቱ ተደግፎ የወረደ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። በዚህም የተነሣ አብረውዎት የሚኖሩት የወለዱዎት አባትዎ ከቤት ከወጡ ዓመት አልፏቸው ነበር። ለማያውቅ አንባቢ፦ ነዋሪው አባባ መሪ የሚላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና መሪ ጨብጠው ስለኖሩ ነው። ቤተሰቡ ሁለት መሪ አለው፤ አንደኛው መንገድ ያውቃል። ጉልበታቸው ስለደከመ የሚጨብጡት ነገር ከሌለ ደረጃ አይደፍሩም። እርስዎም ጠዋት ሲወጡ «አባዬ፣ ከበረንዳው እንዳትነሣ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም አይነሡም። በረንዳው ደግሞ በሕንፃው ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሁሉ ዘግይቶ የሚለቅ ምርጥ በረንዳ ነው፤ ድልድሉን ማን እንደሠራው አልጠይቅም።

ያን ቀን አባባ መሪ የእቴቴንና የፊሽካውን ዙረት ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ቆዩና፣ ረዳታቸውን ከመኪናው ኋላ በሚጠሩበት ድምፅ «አንቺ ልጅ!» ብለው ጮኹ። ስልሳ ዓመት ያለፋት ባለቤቴ ቀና አለች።

«ምን ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው?»

«ጫጩት ነው አባባ። እግራቸው እምቢ ብሏቸው ፀሐይ ላሞቃቸው ነው።»

«ፀሐይማ እዚህ ሞልቷል፤ ብቻዬን መጨረስ አቅቶኛል። ላኪያቸው!»

«በየት በኩል ልላካቸው? ግቢውም ኮሪደሩም ደረጃውም ለዶሮ ተከልክሏል።»

አባባ መሪ በበረንዳቸውና በግቢው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቁልቁል አዩ። «አየሩስ?» አሉ።

ወደ ቤት ገብቼ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ስለ ግቢ፣ ስለ ኮሪደር፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ጣሪያም ሳይቀር ይናገራል። ስለ አየር ምንም አይልም። ብዙ ሕግ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ክፍተት የተወ ቸር ሕግ አውጪ ግን አላጋጠመኝም።

አባባ መሪ በጡረታቸውም ያልጣሉትን የጭነት ማሰሪያ ገመድ ከአልጋቸው ሥር ጎትተው አወረዱ። እቴቴ የገበያ ዘንቢሏን አቀረበች፤ አሮጌ ፎጣ ተነጠፈበት፤ አምስቱም ተሳፈሩ። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ይላል ተረቱ፤ የእኛዎቹ ግን በመጫኛ ተነሡ። ጉልበታቸው ቢከዳቸውም ክንዳቸው አሁንም የሹፌር ክንድ ነው። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ዘንቢሏ ግድግዳው ላይ እንዳትላተም በመስኮቷ እጇን ዘርግታ አሳለፈቻት። ፊሽካው ደግሞ፣ መቼም ሰው ነው፣ አንዴ ግራና ቀኝ አይቶ ከሥር ቆመና «ወደ ቀኝ! ትንሽ ሳብ! በቃ!» እያለ በፊሽካ ያስተናግድ ጀመር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እርስዎ በበሩ እንደወጡ ዘንቢሏ ትወርዳለች፤ ጫጩቶቹ ይወጣሉ፤ እርስዎ ከመመለስዎ በፊት ይወርዳሉ፤ በማድ ቤታችንም ያድራሉ። እሑድ ፊሽካው ዕቃ ቤቱን ፈትሾ ባዶ መሆኑን ሪፖርት አደረገ። አልዋሸም፤ ባዶ ነበር። ያን ሪፖርት ተንተርሰው ኮሚቴውን እንኳን ደስ ያለህ ሲሉ፣ «ወረርሽኙ» በራስዎ በረንዳ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

ጫጩቶቹ በአንድ ጀምበር አልዳኑም። እቴቴ በየጠዋቱ ዘንቢሏን ስታስረክብ «ምን አዲስ አለ አባባ?» ትላለች፤ መልሱም «ገና ነው፤ ባትሪው አልሞላም» ነበር። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ «አንቺ ልጅ! ቀዩ ቆመ!» የሚል ጩኸት ከአራተኛ ፎቅ ወረደ። እቴቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጣች። «ሁለቴ ተራምዶ ተቀመጠ፤ ግን ሞተሩ ተነሥቷል!» በቀጣዮቹ ሳምንታት አንድ በአንድ ቆሙ። ቀዩ እስከ ዛሬ ትንሽ ይወላገዳል። ጥድፊት ግን ከሁሉ ዘገየች፤ መቆሙን ቆመች፣ መሮጥ ግን ፈራች። ከበረንዳው ጥግ ጥግ እየተደገፈች ብቻ ትሄድ ነበር። አባባ መሪ «እኔን አይታ ነው» ይሉ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ሣሩ አመሰግናለሁ፤ ይህን ምስጋና በቀልድ አልጽፈውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘንቢሏ ስትወርድ ገመዱ ከአባባ መሪ እጅ አመለጠ። ደግነቱ ከአንደኛ ፎቅ በታች ደርሳ ነበር። እቴቴ ጮኸች። ዘንቢሏ ማንም እንዳይረግጠው በሚጠበቀው በዚያ ወፍራም ሣር ላይ ዱብ ብላ ተገለበጠች፤ ፎጣውም ላያቸው ላይ ወደቀ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ፎጣው ተነሣ፤ ከሥሩ ጥድፊት ብቅ አለች። ቆመች። ተንገዳገደች። ከዚያ ሮጠች፤ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር፣ በፊሽካው እግር መካከል አልፋ ሮጠች። ሌሎቹም ተከተሏት። እቴቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቅ ይሁን ታለቅስ አልለይሁም።

ቀና ስንል በረንዳው ባዶ ነው።

አባባ መሪ የመጀመሪያውን ጩኸት እንጂ ሳቁን አልሰሙም። የተገለበጠውን ዘንቢል እንጂ የሮጠችውን ጥድፊት አላዩም። ስማቸውን እየጠራን ወደ ደረጃው ስንሮጥ፣ ያ መደገፊያ የሌለበት ቦታ ላይ ደረስንባቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ሁለት መዳፋቸውን ቀለሙ ላይ ለጥፈው፣ በጎን በጎን እየተንፏቀቁ ይወርዳሉ። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ «ተው! ቁልቁለት ላይ ሹፌር አይነካም» አሉኝ፤ «በከባድ ማርሽ ነው የያዝኋት። ሞቱ ወይ?»

«ድነዋል አባባ፤ ሁሉም ድነዋል!» አለች እቴቴ ከሥር።

ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ፤ ያን ጊዜ ቀኝ እግራቸው ከደረጃው ጫፍ ተንሸራተተ። እጃቸው የሚጨብጠው ነገር ፍለጋ ግድግዳውን ሲዳብስ «ሲወርዱ ይጠንቀቁ» የሚለውን ወረቀትዎን አገኘ፤ ወረቀቱ ከነማጣበቂያው ተላቆ በእጃቸው ቀረ። እኔ ወገባቸውን ያዝሁ፤ ፊሽካው እኔን ያዘኝ፤ ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ክቡር ሆይ፣ ለብዙ ሐዘንተኞች አቤቱታ ጽፌአለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ግን ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። አምላክ ሳያስጽፈኝ ቀረ።

ደግፈን ግቢ አደረስናቸው። እስከ ሣሩ መካከል ድረስ ሄደው ተቀመጡ። ፊሽካው ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተው። ጫጩቶቹ በዙሪያቸው እየጫሩ ሲዞሩ አባባ መሪ ሣሩን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ለካ እርጥብ ነው» አሉ። ዓመት ሙሉ ከላይ ሲያዩት ኖረው እርጥብ መሆኑን አላወቁም ነበር። እቴቴ አጠገባቸው ተቀመጠች። በዚያ ጊዜ የግቢው ገጽታ ምን ይመስል እንደነበረ ቢያዩልን ደስ ባለኝ።

«ቁልቁለቱንስ ማርሹ ይዞኛል፤ ዳገቱን ግን ግፉኝ» ስላሉ፣ እኔ፣ ፊሽካውና አንደኛ ፎቅ የሚኖረው አናጢ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ቦታቸው መለስናቸው። ያን ምሽት እንደ ልማድዎ «አባዬ፣ እንዴት ዋልህ?» ብለው ጠየቋቸው፤ እሳቸውም «ያው በረንዳ» ብለው መለሱ። ይህን የገዛ ራሳቸውን መልስ ግን እሳቸው አልወደዱትም። ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ፤ ጫጩቶቹ አድገው ሁለት ሁለት ሆነው መሳፈር ጀመሩ፤ ገመዱም በአዲስ ተተካ። አባባ መሪም መደገፊያው እንዲሠራ እራት ላይ ደጋግመው ለምነዎታል። ለገዛ አባትዎ «አጀንዳ ይያዝለታል» ብለው መመለስዎን ስሰማ፣ ለእኔ ለባዳው የሰጡኝ መልስ ምን ያህል የቤተሰብ ፍቅር የተሞላበት እንደነበረ ያኔ ነው የተረዳሁት። ሰሞኑን ያን የቆየ ድል ከምርጫው ጥሪ ጋር በማስታወቂያ ሲያወጡ በገመዱ አስጠሩኝና «ልጄን እየዋሸሁ መኖር ሰለቸኝ፤ ጻፍልኝ» አሉኝ። ጽፌም አነበብሁላቸው፤ ከመንገዱ የወጣ ነገር ካለ ብዬ ብጠይቃቸው «ቀጥ ብሏል፤ ንዳው» አሉ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎት ትንሽ ነው። መደገፊያው ይሠራ። ፀሐይዋም ለሚያስፈልገው ሁሉ፣ ላባ ይኑረው አይኑረው፣ ትፈቀድ። ዶሮዎቹን በተመለከተ፣ ወንጀለኞቹ አራት ዶሮዎችና አንድ ወልጋዳ አውራ ዶሮ ሲሆኑ፣ በማንኛውም የሥራ ሰዓት በመኖሪያ ቤትዎ ሊይዟቸው ይችላሉ።

ጥላዎ ከላያችን ጥቂት ፈቀቅ እንዲልልን ሌት ተቀን በመመኘት፣ በደንቡ የተፈቀደልኝን ያህል ብቻ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ እስከ መጨረሻው አክባሪዎና ግብር ከፋይዎ ሆኜ እቀራለሁ፤

ማመልከቻ፤
ምድር ቤት፣ ከኋላ በኩል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ በታች ያለው አባባ መሪ እየተናገሩ እኔ የጻፍሁት ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርሁበትም።

ልጄ፤ ማመልከቻን አትቆጣው፤ ጻፍ ያልሁት እኔ ነኝ። ለሚመጣው ምርጫ ለሊቀመንበርነት እወዳደራለሁ። ሰፊዋም አናጢውም እንመርጥሃለን ብለውኛል፤ እቴቴንማ አትጠይቅ። ስብሰባው ግቢ ውስጥ ነው ብለሃል፤ ዕጩ ደግሞ ሳይገኝ አይመረጥም። እስከዚያ መደገፊያውን ካሠራህልኝ እኔ ወደ ሕዝቡ እወርዳለሁ፤ ካላሠራህ ሕዝቡ ወደ እኔ ይወጣልና ሳሎኑን ጠርገህ ጠብቅ። ብትሸነፍ አትዘን፤ ምክትል አደርግሃለሁ፤ ልጄ አይደለህ። ሌላው፣ ሰሞኑን ቁርስ ላይ «አባዬ፣ ይሄ አስኳሉ የደመቀ እንቁላል ከየትኛው ሱቅ ነው?» እያልህ ትጠይቀኛለህ። ከሱቅ አይደለም። ከበረንዳው ወንበርህ ሥር ነው።

አባትህ።